ከስልክ እስከ ወረቀት፦ ሁለት ሜትር ወይስ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር?

አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በእጅ ስልኩ ይዞ ከአንድ ፕሪንተር ፊት ቆሟል እንበል። በሁለቱ መሣሪያዎች መካከል ያለው ርቀት ከሁለት ሜትር አይበልጥም። ስልኩም ፕሪንተሩም ዋይ ፋይ አላቸው፤ ሁለቱም የሬዲዮ ሞገድ ይልካሉ፣ ይቀበላሉም። ይሁን እንጂ ተማሪው ጽሑፉን ለማተም ፍላሽ ዲስክ ፍለጋ ይሄዳል፤ አለዚያም ፋይሉን በቴሌግራም ወደ አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ልኮ ወረፋውን ይጠብቃል። በቴሌግራም የተላከው ፋይል ደግሞ መጀመሪያ ውጭ አገር በሚገኝ አገልጋይ ኮምፒውተር ላይ ያርፍና እንደገና ተመልሶ ይመጣል።

ምክንያቱ ምንድን ነው ቢባል ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «የዋይ ፋዩ ድክመት ነው» የሚል ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 12.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ይቅርና ግድግዳ አልፎም ለኅትመት የሚበቃ መረጃ ማድረስ ይችላል። አስቸጋሪ ሆነው የቆዩት ሁለት ሌሎች ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው፣ በስልኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፕሪንተሩ ወደሚያውቀው መልክ የሚለውጠው ማን ነው? የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው፣ ሰነዱ ከስልኩ ወደ ፕሪንተሩ የሚደርሰው በየትኛው መንገድ ነው? የሚል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም፣ በትክክል የሚሠሩ ፕሪንተሮች በአንድ ቀን ከስልክ ጋር ያላቸው ግንኙነት የተቋረጠው በዚሁ በመንገዱ ጉዳይ ነው።

ፕሪንተር የሚያውቀው ነጥብ ብቻ ነው

በሌዘር ፕሪንተር ውስጥ በስታቲክ ኤሌክትሪክ የሚሞላ ከበሮ አለ። የሌዘሩ ጨረር በከበሮው ላይ እየተመላለሰ በሚያበራቸው ነጥቦች ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል ይለወጣል፤ ቶነር የተባለው ደቃቅ ዱቄት በእነዚህ ነጥቦች ላይ ይጣበቃል፤ ከዚያም ወደ ወረቀቱ ተላልፎ በሙቀት ቀልጦ ይያዛል። በስታቲክ ኤሌክትሪክ ምስል የመቅዳትን ዘዴ ቼስተር ካርልሰን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1938 በኒው ዮርክ ከተማ፣ አስቶሪያ በተባለው ሰፈር ለመጀመሪያ ጊዜ ሠርቶ አሳየ። ጋሪ ስታርክዌዘር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ሌዘርን ጨምሮበት ፕሪንተር አደረገው። የፊዚክስ ተማሪ በዚህ ላይ ብዙ ሊቆይ ይችላል፤ እኛ ግን ለርእሳችን የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም ከበሮው «ሀ»ንም ሆነ «ለ»ን የማያውቅ መሆኑ ነው። የሚያውቀው ይህ ነጥብ ይጥቆር፣ ያ ነጥብ ይንጣ የሚለውን ብቻ ነው።

ነጥቦቹ ስንት ናቸው? ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ብናስቀምጥ በስፋቱ 2,480፣ በቁመቱ 3,508 ነጥቦች ይሆናሉ። ሁለቱ ሲባዙ 8.7 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቢት ቢመደብ ገጹ ከአንድ ሜጋባይት በጥቂቱ ይበልጣል፤ ባለ ቀለም ሆኖ ለእያንዳንዱ ነጥብ 24 ቢት ቢመደብ ግን 26 ሜጋባይት ይሆናል። ያው ገጽ ጽሑፍ ብቻ ሆኖ በፒዲኤፍ ሲቀመጥ ብዙውን ጊዜ በአሥሮች የሚቆጠር ኪሎባይት ነው። ስለዚህ ጽሑፍን ወደ ነጥብ የመለወጡ ሥራ የሚከናወንበት ቦታ በመስመሩ ላይ የሚጓዘውን የመረጃ መጠን በመቶዎች እጥፍ ሊለውጠው ይችላል።

ይህንን የመለወጥ ሥራ ለረጅም ጊዜ ይሠራ የነበረው በኮምፒውተሩ ላይ የሚጫነው ድራይቨር የተባለው ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱ አምራች፣ አንዳንዴም እያንዳንዱ ሞዴል የራሱ ቋንቋ ስለነበረው ድራይቨሩም የዚያኑ ያህል የተለያየ ነበር። ፕሪንተር ሲገዛ አብሮ ይመጣ የነበረው ሲዲ ለዚሁ ነበር። ስልክ ግን ሲዲ አይጎርስም፤ በሺህ ለሚቆጠሩ ሞዴሎች ሁሉ ድራይቨር ተሸክሞ እንዲዞርም አይጠበቅበትም። ከስልክ ማተም እንዳይቻል አድርጎ የቆየው ግድግዳ ይህ ነው እንጂ የሬዲዮ ሞገዱ አልነበረም።

ደመናው መጣ፣ ደመናው ሄደ

ግድግዳውን ለማለፍ ከተሞከሩት መንገዶች በሰፊው የታወቀው ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ያደረገው ክላውድ ፕሪንት የተባለው አገልግሎት ነበር። ሐሳቡ ቀላልና ብልኅነት ያለው ነው። ስልኩ ድራይቨር መያዝ ካልቻለ ድራይቨሩ በኩባንያው አገልጋይ ኮምፒውተሮች ላይ፣ በተለምዶ «ደመና» በሚባለው ላይ ይቀመጥ ተባለ። ስልኩ ሰነዱን እንዳለ ወደ ደመናው ይልካል፤ ደመናው ፕሪንተሩ ወደሚያውቀው መልክ ይለውጠዋል፤ ፕሪንተሩም የተለወጠውን ያወርዳል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በየቤቱና በየቢሮው ያሉ ፕሪንተሮች 192.168 በሚል የሚጀምር የግቢ ውስጥ አድራሻ ነው ያላቸው። ይህ አድራሻ ከግቢው ውጭ ትርጉም የለውም፤ ያንኑ ቁጥር የሚጠቀሙ ፕሪንተሮች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ታዲያ ደመናው ፕሪንተሩን እንዴት አድርጎ ያገኘዋል? መልሱ አያገኘውም የሚል ነው። በአገራችን ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው ወደ ፖስታ ቤት ሄዶ ሣጥኑን እንደሚከፍት ሁሉ፣ ፕሪንተሩም ራሱ ወደ ውጭ ወጥቶ ደመናውን ይገናኛል። በክላውድ ፕሪንት ፕሪንተሩ አንድ ጊዜ ከተገናኘ በኋላ መስመሩን ሳይዘጋ ሥራ እስኪመጣለት ድረስ ይጠብቅ ነበር። ይህ ችሎታ የሌላቸው አሮጌ ፕሪንተሮች ደግሞ ክሮም የተባለው የድረ ገጽ መቃኛ በተከፈተበት ኮምፒውተር አማካይነት ይገናኙ ነበር።

ሰነዱ ይህን ያህል መንገድ መሄዱ ያዘገየዋል ብሎ የሚያስብ ይኖራል። እስቲ እናስላው። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ለመሄድ 27 ሚሊሰኮንድ፣ ደርሶ ለመመለስ 53 ሚሊሰኮንድ ይበቃዋል። የባሕር ውስጥ ገመዱ ቀጥተኛ ስላልሆነ ጊዜውን በሦስት እናባዛው፤ አሁንም ከአንድ ሰኮንድ አንድ አምስተኛ አይሞላም። የሚያዘገየው ርቀቱ ሳይሆን የመስመሩ ጥበት ነው። በሰኮንድ አንድ ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ላይ 60 ኪሎባይት የሆነ ፒዲኤፍ በግማሽ ሰኮንድ ያልፋል። ቀደም ሲል ያሰላነው ባለ 26 ሜጋባይት ገጽ ሳይጨመቅ ቢላክ ግን ሦስት ደቂቃ ተኩል ይወስዳል። ደመናው ጽሑፉን ወደ ነጥብ ለውጦ ለፕሪንተሩ ሲልክ ይህ ሸክም የሚወርደው በጠባቡ የኢንተርኔት መስመር በኩል ነው። በአንጻሩ በሰኮንድ 40 ሜጋቢት በሚያሳልፍ የክፍል ውስጥ ዋይ ፋይ ያው ገጽ በአምስት ሰኮንድ ገደማ ያልቃል።

ከጥበቱ የባሰው ግን ጥገኝነቱ ነው። በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ 23 ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ያህል በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ጊዜ፣ በደመና በኩል ብቻ የሚታተም ሰነድ ፕሪንተሩ በጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጦም ቢሆን ሊታተም የሚችልበት መንገድ አልነበረም። መስመሩ ሳይቋረጥ አገልግሎቱ ራሱ ሊቋረጥም ይችላል። ጉግል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ክላውድ ፕሪንትን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ዘጋው። በነገራችን ላይ አገልግሎቱ በእነዚህ አሥር ዓመታት ውስጥ «በሙከራ ላይ ያለ» የሚለውን መለያ ይዞ እንደቆየ ነው የተዘጋው። በማግስቱ በዚህ መንገድ ብቻ ከስልክ ጋር ይገናኙ የነበሩ ፕሪንተሮች ግንኙነታቸው ተቋረጠ። ከበሮአቸው አልተጎዳም፣ ቶነራቸው አላለቀም፣ ዋይ ፋያቸውም ይሠራል፤ የጎደላቸው በሌላ ክፍለ ዓለም የነበረው አስተርጓሚያቸው ብቻ ነው።

ይህ ማለት የደመና ኅትመት ከነጭራሹ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ሰውየውና ፕሪንተሩ በእርግጥ በተለያየ ከተማ ሲሆኑ፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ ያለ ሠራተኛ ሐዋሳ ባለው ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ላይ ማተም ሲፈልግ፣ በመካከል የሚያገናኝ አገልጋይ ማስፈለጉ አይቀርም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2021 ለድርጅቶች ያቀረበው ዩኒቨርሳል ፕሪንት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የተዘጋጀ ነው። ለሁለት ሜትር ግን፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ደመና አያስፈልግም።

ፕሪንተሮች አንድ ቋንቋ ሲማሩ

ሁለተኛው መፍትሔ ድራይቨሩን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ሳይሆን አስፈላጊነቱን ማስቀረት ነው። ለዚህ መሠረት የሆነው አይፒፒ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የኢንተርኔት ኅትመት ፕሮቶኮል ነው። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1999፣ የተሻሻለው 1.1 የተባለው እትም በ2000 ወጣ። ፕሮቶኮሉ ድረ ገጾች በሚተላለፉበት በዚያው ኤችቲቲፒ ላይ የተሠራ ሲሆን 631 የተባለውን የበር ቁጥር ይጠቀማል። አሠራሩም ከንግግር ጋር ይመሳሰላል። ስልኩ በመጀመሪያ «ምን ምን ትችላለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ፕሪንተሩም «ኤ4 ወረቀት አለኝ፤ ቀለም የለኝም፤ በሁለቱም ገጽ አትማለሁ፤ የምቀበላቸው የፋይል ዓይነቶች እነዚህ ናቸው» ብሎ ይመልሳል። ስልኩ በዚህ መልስ መሠረት ሰነዱን አዘጋጅቶ ይልካል። ሁሉም ፕሪንተር የሚቀበለው አንድ የጋራ የፋይል ዓይነት ከተወሰነ ድራይቨር የሚባለው ነገር ሥራ ያጣል።

እንዲህ ዓይነቱ ስምምነት ግን በአንድ ቀን አልመጣም። አፕል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2010 ኤርፕሪንትን በአይፎን ስልኮች ላይ ሲያወጣ የተመሠረተው በአይፒፒ ላይ ነበር። በ2013 የፕሪንተር አምራቾች የጋራ የሥራ ቡድን አይፒፒ ኤቭሪዌር የተባለውን ስታንዳርድ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ካነን፣ ኤችፒ፣ ሳምሰንግና ዜሮክስ ሞፕሪያ የተባለውን ኅብረት መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አንድሮይድ 8 ይህንኑ ችሎታ ከስልኩ ጋር አብሮ የሚመጣ አደረገው። ስለዚህ ዛሬ በአብዛኛው ሰው ኪስ ያለ ስልክ ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም ሳይጫንበት ማተም ይችላል።

የቀረው ጥያቄ ስልኩ ፕሪንተሩን እንዴት ያገኘዋል የሚለው ነው። ይህም የሚሆነው እንደ ጥንቱ አዋጅ ነጋሪ ነው። ስልኩ 224.0.0.251 ወደሚባል የጋራ አድራሻ «ፕሪንተር የሆናችሁ ሁሉ አለን በሉ» የሚል መልእክት ይልካል፤ በዚያ መረብ ውስጥ ያሉ ፕሪንተሮች ስማቸውንና አድራሻቸውን ይመልሳሉ። ይሁንና የአዋጁ ድምፅ ከግቢው አጥር አያልፍም። ራውተሮች ይህን መልእክት ከአንዱ መረብ ወደ ሌላው አያሻግሩትም። በዩኒቨርሲቲዎቻችን «ፕሪንተሩ በስልኬ ላይ አይታይም» ለሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ መንሥኤው ይኸው ነው። የመምህራኑ ፕሪንተር በገመድ በተዘረጋው የቢሮ መረብ ላይ፣ የተማሪዎቹ ስልክ ደግሞ በሌላው የዋይ ፋይ መረብ ላይ ይሆናል፤ ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡም በመረብ አቆጣጠር ጎረቤት አይደሉም። አንዳንድ የዋይ ፋይ መረቦች ደግሞ ለደኅንነት ሲባል አንዱ ስልክ ሌላውን መሣሪያ እንዳያይ ተደርገው ይስተካከላሉ። እንዲህ ባለው መረብ ላይ ለወራት ፕሪንተር ቢፈለግ አይገኝም።

ማንኛውም አንባቢ በቀላሉ ሊሠራው የሚችል ሙከራ አለ። ከራውተሩ ላይ ወደ ውጭ የሚወጣውን የኢንተርኔት መስመር መንቀል፣ ዋይ ፋዩን ግን እንደበራ መተው፣ ከዚያም ከስልኩ አንድ ገጽ ማተም ነው። በስልኩ ላይ የሞባይል ዳታም መጥፋት አለበት። ወረቀቱ ከወጣ ሰነዱ የተጓዘው ሁለቱን ሜትር ብቻ ነው፤ ካልወጣ መንገዱ በሌላ አገር በኩል ነበር ማለት ነው።

አሮጌውን ፕሪንተር ከስልክ ጋር ማገናኘት

ብዙ የትምህርት ክፍሎች ያሏቸው ፕሪንተሮች የዩኤስቢ ገመድ እንጂ ዋይ ፋይ የሌላቸው ናቸው። እነዚህን መጣል አያስፈልግም። ሊኑክስ የተጫነበት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ወይም ራስፕቤሪ ፓይ የተባለው የእጅ መዳፍ የሚያህል ኮምፒውተር ለአስተርጓሚነት ይበቃል። የሚያስፈልገው ዋና ፕሮግራም ካፕስ ይባላል። ማይክል ስዊት እ.ኤ.አ. በ1997 መሥራት የጀመረው ነጻ ሶፍትዌር ሲሆን፣ አቫሂ ከተባለው የአዋጅ ነጋሪ ፕሮግራም ጋር ተዳምሮ አሮጌውን ፕሪንተር ለስልኮች የአይፒፒ ፕሪንተር መስሎ እንዲታይ ያደርገዋል። ፕሪንተሩን በዩኤስቢ ማገናኘት፣ ካፕስ ውስጥ መመዝገብ፣ ለሌሎች የሚጋራ ነው የሚለውን ምርጫ ማብራት ነው። ድራይቨሩ የሚቀመጠው በዚህ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ አስቀድሞም የሊኑክስ ድራይቨር ያለው ሞዴል መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ለኮምፒውተሩ የማይለዋወጥ አድራሻ በራውተሩ ላይ መመደብም ይጠቅማል፤ አለዚያ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር አድራሻው ሊለወጥ ይችላል። ስልኮቹ በአንድ መረብ ላይ ከሆኑ በኋላ በአይፎን «አትም» የሚለውን መንካት ብቻ ነው። በአንድሮይድ ደግሞ በማስተካከያው ውስጥ ያለው የኅትመት አገልግሎት መብራቱን ማየት ያስፈልጋል፤ አዋጁ ባይሰማም የፕሪንተሩን አድራሻ በእጅ ማስገባት ይቻላል።

ፊደሉ የት ነው የሚሣለው?

ጽሑፍን ወደ ነጥብ የሚለውጠው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ለአማርኛ ጸሐፊ ከሌሎች ይልቅ ክብደት አለው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የግእዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በስምንት ቢት 256 ቦታ ብቻ ስላለና የእኛ ፊደል ከዚያ ስለሚበዛ ከአንድ በላይ ፎንት መጠቀም ግድ ነበር። እንዲህ ተጽፎ የተቀመጠ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ሲከፈት የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ነው። በየቢሮው ዛሬም ድረስ እንዲህ ያሉ ፋይሎች ሞልተዋል።

በዩኒኮድ «ሰላም» የሚለው ቃል ሦስት ቁጥሮች ናቸው፤ በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አቀማመጥ ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት፣ በጠቅላላው ዘጠኝ ባይት ይይዛል። ሆኖም ቁጥሩ የፊደሉ መታወቂያ እንጂ መልኩ አይደለም። መልኩ የሚመጣው ከፎንቱ ነው። ቁጥሮቹ ብቻ ተልከው ተቀባዩ ዘንድ የግእዝ ፎንት ከሌለ ወረቀቱ ላይ ባዶ ሣጥኖች ይደረደራሉ። ሌላ የግእዝ ፎንት ካለ ደግሞ ስሕተቱ የባሰ ስውር ይሆናል፤ የፊደሎቹ ስፋት ስለሚለያይ መስመሮች ይዛወራሉ፣ ገጾች ይገፋሉ፣ በማውጫው ላይ ያለው የገጽ ቁጥርና እውነተኛው ገጽ ይለያያሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ድራይቨር አልባው አሠራር ይህንን ችግር ከሥሩ ያስወግደዋል። ፊደሉን የሚሥለው ጸሐፊው ሲያነብበት የነበረው ያው ስልክ ነውና ለፕሪንተሩ የሚደርሰው የተዘጋጀ መልክ ነው። ነጭ ቦታ የበዛበት ገጽ በቀላል ዘዴ በጣም ስለሚጨመቅም መጠኑ እንደፈራነው አይሆንም። በፎቶ ኮፒ ቤት ለሚያሳትሙም ያው ደንብ ይሠራል፦ የወርድ ፋይል ሳይሆን ፎንቱን በውስጡ የያዘ ፒዲኤፍ መላክ። በአሮጌዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ፎንቱ ባለበት በመጀመሪያው ኮምፒውተር ላይ ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ አለበት፤ ስልክ ላይ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም።

ቅጂው የት ይቀራል?

ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ከተነሡ አይቀር፣ በቴሌግራም የላክነው ሰነድ ከታተመ በኋላ የት እንደሚቀር ማወቅ ይገባል። በተለመደው የቴሌግራም ውይይት የሚላክ ፋይል በኩባንያው አገልጋዮች ላይ ይቀመጣል። ላኪው መልእክቱን ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ይችላል፤ ነገር ግን በቤቱ ኮምፒውተር ላይ የወረደው ቅጂ በዚያ አይጠፋም። የወረዱት ፋይሎች በአንድ ማኅደር ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ የአንዱ የመታወቂያ ቅጂ፣ የሌላው የውጤት ማስረጃ፣ የሦስተኛው ገና ያልተፈተነ መመረቂያ ጽሑፍ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ቀጣዩ ባለ ጉዳይ በዚያው ስክሪን ላይ የራሱን ፋይል ሲፈልግ ያያቸዋል። ሠራተኛውን ወረደ የተባለውን ፋይል እንዲያጠፋልን መጠየቅ ነውር የለበትም።

በግቢ ውስጥ የሚዘረጋው መንገድም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ሲሞኔ ማርጋሪቴሊ የተባለ የኮምፒውተር ደኅንነት ተመራማሪ ከካፕስ ጋር በሚሠራ አንድ ፕሮግራም ውስጥ ቀዳዳ መኖሩን ይፋ አደረገ። ፕሮግራሙ በ631 በር በኩል የሚመጣን ማስታወቂያ ከማን እንደመጣ ሳይመረምር ይቀበል ስለነበር አጥቂ ሐሰተኛ ፕሪንተር ማስመዝገብ፣ ሰው በዚያ ፕሪንተር ላይ ለማተም ሲሞክርም የራሱን ትእዛዝ በኮምፒውተሩ ላይ ማስፈጸም ይችል ነበር። ማስተካከያው ወጥቶለታል። ፕሪንተር የሚያስተናግድ ኮምፒውተር ግን በየጊዜው መታደስ አለበት፤ 631 በርም ከግቢው ውጭ ላለ ኢንተርኔት ፈጽሞ መከፈት የለበትም።

በትምህርት ክፍል ውስጥ ደግሞ ከመረቡ ይልቅ የወረቀቱ መያዣ ያሳስባል። ከስልኩ «አትም» ብሎ ደረጃ እስኪወርድ ድረስ ወረቀቱ ወጥቶ ማንም ሊያነሣው ይችላል። የፈተና ወረቀት የሚያትም መምህር በብዙ የቢሮ ፕሪንተሮች ላይ ያለውን በምስጢር ቁጥር የማተም ምርጫ ሊጠቀም ይገባል። ሥራው በፕሪንተሩ ውስጥ ተይዞ ይቆይና ላኪው ከመሣሪያው ፊት ቆሞ ቁጥሩን ሲያስገባ ብቻ ይታተማል። ቁጥሩ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልገባ ሥራው ራሱን እንዲሰርዝ ማድረግም በአንዳንዶቹ ላይ ይቻላል።